ዘጠኝ ጉድጓድ

አስካለን ወደ ማዶ ያሻገሯት ድንጋዩ በዘጠኝ ጉድጓድ ስላጠረ ነው። ሌላ ጥፋት አልነበረባትም። ያሻገሯትም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አንዱ እኔ ነበርኩ።

የአገሩን ስም አልጠራም። ከኋላው ገደል፣ ከፊቱ ወንዝ ያለው አገር ነው፤ ይህ ይበቃል። እዚያ ልጅ ሲወለድ ከስሙ በፊት ቁጥር ይሰጠዋል። ቆጣሪው ማማው ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ በፊት በተወለደው ልጅ ቁጥር ላይ አንድ ጨምሮ ይጮኻል። ቁጥሩ በቆዳ ላይ ተጽፎ በሕፃኑ አንገት ይታሰራል። የሞተ ሰው ቁጥር ለሌላ አይሰጥም። ቆጠራው መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔ ስወለድ ግን ሚሊዮንን ካለፈ ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር። የእኔ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ሃያ አንድ ሺህ አንድ መቶ አራት ነው። የአስካለ አንድ ሚሊዮን ሃያ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት። በዓመት ከመንፈቅ ታንሰኛለች።

ሰው ሃያ ዓመት ሲሞላው ቁጥሩ ይመረመራል። ሁለት ያለቀሪ ከከፈለው የሁለት ቤት ሰው ይባላል። ሁለት እምቢ ካለ በሦስት ይሞከራል፤ ሦስት እምቢ ካለ በአምስት፣ ከዚያ በሰባት፣ ከዚያ በአሥራ አንድ። መጀመሪያ ያለቀሪ የከፈለው ቁጥር ቤቱ ነው። በዚያ ቤት ቅጥር ይኖራል፣ በዚያ ቤት በር ይገባል፣ ሲሞት በዚያ ቤት መቃብር ይቀበራል። ከአገሩ ሰው ግማሹ የሁለት ቤት ስለነበረ የወንዙ ዳር ለም መሬት የእነሱ ነው። የሦስት ቤት ሰዎች ዳገቱን ይዘዋል። ቁጥሩ እየተለቀ ሲሄድ ቤቱ እየሳሳ ይሄዳል። እኔ ሳውቀው በዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱም አይነጋገሩም ነበር። የራሳቸው በር ጠባቂ ግን ነበራቸው።

ሁለት ሰዎች መጋባት የሚችሉት ሁለቱንም ያለቀሪ የሚከፍል፣ ከአንድ የሚበልጥ ቁጥር ሲገኝ ነው። ቁጥሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ ግድ የለም፤ መገኘቱ ብቻ ነው የሚጠየቀው።

ከሁለት እስከ አንድ ሺህ ካሉት ቁጥሮች ቤት የሆኑት ሌላ ቁጥር የማይከፍላቸው ብቻ ናቸው፤ እነሱም መቶ ስልሳ ስምንት ነበሩ። በመቶ ስልሳ ስምንቱም ተሞክሮ በሁሉም ቀሪ ያስቀረ ሰው ያልተከፈለ ይባላል። ያልተከፈለ ሰው ቤት የለውም፤ ሰኞ ቀን በታንኳ ወደ ማዶ ይሻገራል፤ አይመለስም። ቤት ያለው ሰውም ቢሆን መሻገር ከፈለገ ማንም አይከለክለውም። የአንገቱን ቆዳ ፈትቶ ታንኳ ቀዛፊው ቅርጫት ውስጥ ይጥላል፣ ይሻገራል። እሱም አይመለስም። እኔ በነበርኩበት ዘመን እንዲህ ያደረገ ሰው አላየሁም።

ምርመራው በስሌት አልነበረም። በሕጉ መሠረት እጅ ያልነካው ቁጥር አይታመንም። ከከተማው ዳር ጠፍጣፋ ዓለት አለ። የጥንት ሰዎች በላዩ ላይ ስምንት ረጃጅም መስመሮች ፈልፍለውበታል፤ በእያንዳንዱ መስመር አንድ ሺህ ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንዲት ሽምብራ። ድርድር ይባላል። የሰውዬው ቁጥር ስንት ከሆነ ያንኑ ያህል ሽምብራ ከጎተራ ይቆጠራል። ሙከራው በሰባት ከሆነ ሰባት ጉድጓድ ይሞላል፣ ይነሳል፣ ይሞላል፣ ይነሳል። በመጨረሻ የተረፈው ሽምብራ መስመሩን መሙላት ካቃተው ያ ቀሪ ነው፤ ቤቱ አልተቀበለውም ማለት ነው። ሽምብራው ተመልሶ ይቆጠርና ወደሚቀጥለው ቤት ይታለፋል። ለአንድ መስመር መቶ ደርዳሪ ይመደባል። ለአንድ ያልተከፈለ ሰው ሰባት ሳምንት ይፈጃል። ከአገሩ ጎልማሳ የሚበዛው ደርዳሪ ስለነበረ የሚያርስ ጥቂት ነው፤ በየዓመቱ እህል ያጥረናል፤ የምርመራው ሽምብራ ግን አይነካም።

በየመስመሩ ራስ ቀሪ ጠሪ የሚባል ሹም በርጩማ ላይ ይቆማል። ሹም ማጎንበስ ስለማይገባው ጉድጓዱን አያይም። ደርዳሪው ከታች ሆኖ ስንት እንደቀረ በሹክሹክታ ይነግረዋል፤ እሱም አገር እንዲሰማ ይጮኻል። አንድ ቀን ቀሪ ጠሪያችን ሳል ይዞት መጮህ አቃተው። ሌላ ሰው እንዳይጮህለት ሕጉ ይከለክላል፤ ስለዚህ እስኪሻለው አሥራ ሁለት ቀን ቁጭ ብለን ጠበቅን።

አባቴ በአሥራ አራት ዓመቴ ሞተ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ደርዳሪ ሆንኩ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልናገርም። ጥፍሬ አድጎ አያውቅም፤ ዓለቱ ይበላው ነበር። ደመወዛችን ነቀዝ የተፋው ሽምብራ ነው። እናቴ ታጥበዋለች፣ ትቀቅለዋለች፣ ሳናይ እንድንበላው መብራት ሳታበራ ታቀርበዋለች።

የእኔ ምርመራ በግማሽ ቀን አለቀ፤ የሁለት ቤት ሆንኩ። እናቴ ለጋብቻ ይጠቅመዋል ብላ አቤት አለችና በሦስትና በሰባትም አስሞከረችኝ። ሁለቱም ያለቀሪ ከፈሉኝ። ከዚያ ወዲህ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ሳይጠይቋት ትናገር ነበር።

አስካለ ለጎተራው ከረጢት ትሰፋ ነበር። የተቀደደ ከረጢት ይዤላት የሄድኩ ቀን ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን አድርገህ ነው እንዲህ የቀደድከው? ነክሰኸው ነው?"

"ርቦኝ ነበር።"

"ክሩን አውጥቼ ልስጥህ? ጆንያው ሳይሻል አይቀርም።"

በማግስቱ ያልተቀደደ ከረጢት ቀድጄ ሄድኩ። አወቀችብኝ። ሰፋችው፤ ስትጨርስ፣ "ነገም ቅደድ፤ ግን በስፌቱ በኩል ይሁን፣ ይቀለኛል" አለችኝ።

ሃያ ዓመት እስኪሞላት ሰባት ወር ቀርቷት ነበር። ከሁለት ጋር እንደማይሆንላት አውቀናል፤ ቁጥሯ በሰባት ነው የሚጨርሰው። ሦስት ወይም ሰባት ከከፈላት ግን ይበቃናል፤ እኔን ሁለቱም ይከፍሉኛል። በሦስትና በሰባት ላይ ቤት ሠራን።

ምርመራዋ በእኛ መስመር ላይ ወደቀ። በሁለት አንድ ቀረ። በሦስት ሁለት ቀረ። በአምስት ሁለት። በሰባት አምስት። ይህን ሁሉ የደረደርኩት ከመቶው ጋር ሆኜ በራሴ እጅ ነው። ቀትር ላይ አስካለ ድርድሩ ከታጠረበት ገመድ ወዲያ ትቆማለች።

"ስንት ቀረ?"

"አምስት።"

"በሰባት?"

"በሰባት።"

ከዚያ፣ "እንግዲህ እኔና አንተ አልሆነልንም። ቤት ብቻ ላግኝ፤ አገር ውስጥ ብሆን ቢያንስ በገበያ አይሃለሁ" አለች።

ከዚያ ወዲያ የምንፈልገው ያንን ብቻ ነበር። በአንድ መቶ አንድ ላይ ስንደርስ መስመሩ ሊሞላ ሦስት ሽምብራ ጎደለው። አጠገቤ ይደረድር የነበረው ሽባባው ቀልደኛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

"ኪስህ ውስጥ የለህም?" አለኝ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

"አለኝ።"

"ታዲያ?"

ፍሬ የጨመረ ሰው አውራ ጣቱን ይቆረጣል። ሽምብራው ተመልሶ ሲቆጠር ደግሞ መታወቁ አይቀርም፤ ቤቷም ይፈርሳል። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አስቤው ነበር ወይስ ፈርቼ ነው፣ አላውቅም። እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ቀሪ ጠሪው "ዘጠና ስምንት ቀሪ!" ብሎ ጮኸ። ለአስካለ አልነገርኳትም።

በሰባተኛው ሳምንት ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ላይ ደረስን። መቶ ዘጠና ሁለት ቀረ። ከዚያ በኋላ ሦስት ባዶ ጉድጓድ አለ፤ ከዚያ የአለቃችን የዋሲሁን የአትክልት አጥር።

ሰኞ ቀን ወንዝ ዳር ሸኘኋት። አንድ ድስት፣ አንድ መርፌ፣ አንድ ድሪቶ ይዛ ነበር።

"እመልስሻለሁ" አልኳት።

"በምን?"

"ስህተት አለበት።"

"የቱ ጋ?"

"አላውቅም። ግን አገኘዋለሁ።"

"ስታገኘው ንገረኝ" አለችና ገባች። ትንሽ ጠጋ ብላ ተቀመጠች። ታንኳው ላይ ቦታ ነበረ። ቀዛፊው ቅርጫቱን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ጥቂት ጠበቀ። እኔ ስለ ስህተቱ አስብ ነበር።

እማማ ደብሪቱ የምትባል ባልቴት ጎተራው ደጃፍ ተቀምጣ ነቀዝ ያለበትን ሽምብራ ትለቅም ነበር። ሃምሳ ዓመት ለቅማለች። ሽባባው "እማማ ካዩት በኋላ ነቀዙ ራሱ ያፍራል" ይል ነበር። ደርዳሪዎቹ ሲመሽ ሲሄዱ እኔ አጠገቧ ቆየሁ።

"እማማ፣ ቁጥር አንድ ሺህ ላይ ያልቃል እንዴ?"

"ድንጋዩ ነው ያለቀው። ቁጥር ምን አገባው።"

"ታዲያ የጥንት ሰዎች ለምን እዚያ አቆሙ?"

"ስላወቁ ነዋ። ቁጥርን የሚከፍል ቁጥር ብቻውን አይመጣም፤ ጓደኛ አለው። ሃያ አንድ ሽምብራ በሰባት ሰባት ብትደረድር ስንት መስመር ይሆናል?"

"ሦስት።"

"ሰባትና ሦስት ጓደኛሞች ናቸው። ትልቁ ካመለጠህ ትንሹን ታገኘዋለህ። ሁለቱም ከሺህ የሚበልጡ ከሆነስ? ሺህ መስመር፣ በየመስመሩ ሺህ፤ ስንት ነው?"

"ሚሊዮን።"

"በቃ። ቆጠራው ሚሊዮን እስኪደርስ ድረስ፣ ከሺህ በታች ያጣኸውን ከሺህ በላይ አታገኘውም። ድንጋዩ ይበቃ ነበር። እነሱ አልተሳሳቱም። ሚሊዮን የሞላ ዕለት ሰንጋ ታረደ፣ ሦስት ቀን ተጨፈረ። እኔም ልጃገረድ ነበርኩ፣ ጨፍሬያለሁ። አንዲት ጉድጓድ የጨመረ ግን አልነበረም።"

"ለሹማምንቱ ነግረዋቸዋል?"

"ነገርኳቸው። ሽምብራሽን ልቀሚ አሉኝ።" አንዷን ነቀዛም በጣቷ ወርወር አደረገቻት። "የልጅቷ ቁጥር ስንት ነው? ያንተስ?"

ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"በመካከላችሁ አንድ ሺህ አሥራ ሦስት ልጅ ነው የተወለደው" አለች። "ስማኝ። ሁለታችሁንም የሚከፍል ቁጥር አለ እንበል። ያንተን በእሱ ደርድረህ ጨረስክ፤ ቀሪ የለም። የእሷን ለመጨረስ የሚጎድልህ ምንድን ነው? በመካከላችሁ ያለው ብቻ ነው። ያ ደግሞ ራሱ መስመር መሙላት አለበት። ገባህ? እናንተን የሚያገናኝ ካለ፣ መካከላችሁ ያለውንም ይከፍለዋል። አንድ ሺህ አሥራ ሦስትን ደግሞ የሚከፍል ቤት የለም፣ ሞክሬዋለሁ። ስለዚህ ወይ እሱ ራሱ ነው፣ ወይ ምንም የለም።"

"ሚሊዮን ሽምብራ ብቻዬን እንዴት እደረድራለሁ?"

"ሁሉን ማን ደርድር አለህ? ሺህ ሙሉ መስመር ቢሆን ስንት ይሄዳል? አንድ ሚሊዮን አሥራ ሦስት ሺህ። ከእሷ ቁጥር ላይ አንሳው።"

"ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት ይቀራል።"

"እሱን ደርድር። በዓል ቀን ይሁን፤ ሹም አይኖርም።"

በበዓሉ ጠዋት ሁሉም ወደየቤቱ ድግስ ሄደ። እኔ ከረጢቴን ይዤ ወደ ዓለቱ ሄድኩ። አንድ ሺኛው ጉድጓድ ካለበት ወዲያ የሊቀ አካፋይ ዋሲሁን የጌሾ አትክልት አጥር አለ። ሊቀ አካፋይ የድርድሩ ሁሉ አለቃ ነው። ከአጥሩ ሦስት ድንጋይ አነሳሁና በጌሾው ሥር፣ አፈሩ ላይ፣ በጣቴ አሥራ ሦስት ጉድጓድ ቆፈርኩ።

መጀመሪያ የእኔን ደረደርኩ። ሺህ መስመር በሐሳብ ተነስቶለት የቀረው ስምንት መስመር ሞላ፤ ምንም አልቀረም። ከዚያ የእሷን ጀመርኩ። ፀሐይ አናቴ ላይ ነበረች። ስምንተኛውን ሞልቼ አነሳሁ። ዘጠነኛውን ጀመርኩ፤ የመጨረሻዋን ጉድጓድ ከጌሾው ሥር ስሞላ ከረጢቱን ገለበጥኩት። አቧራ ወረደ። ሽምብራ የለም። የእኔ ስምንት፣ የእሷ ዘጠኝ። ዘጠነኛዋ መስመር ከእኔ በኋላ እሷ ጋ እስኪደረስ የተወለዱት ልጆች ናቸው።

ለእማማ ደብሪቱ ስነግራት ሽምብራ መልቀሙን አላቋረጠችም።

"በአንድ ሺህ አሥራ ሦስት ከተከፈለች አንድ ሺህ ዘጠኝ መስመር ነው የሚሆነው" አለች። "ጓደኛው አንድ ሺህ ዘጠኝ ነው። ድንጋዩ ዘጠኝ ጉድጓድ ቢረዝም ኖሮ ልጅቷ አትሻገርም ነበር። አንተ ግን አሥራ ሦስት ጠይቅ።"

"ለምን? ቤት ለማግኘት ትንሹ ይበቃታል። ዘጠኝ ይቀላል።"

"ይቀላል። አንተን ግን አንድ ሺህ ዘጠኝ አይከፍልህም።"

"መጀመሪያ ትመለስ። ዘጠኝ የሰጠ ሰው አራት አይከለክልም።"

"አሥራ ሦስት ጠይቅ ብያለሁ" አለችኝ።

ሊቀ አካፋይ ዋሲሁን ጌሾውን እየገረዘ አገኘሁት። ረጅም፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። የአጥሩን ሦስት ድንጋይ ያነሳሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። አልተቆጣም።

"ምን ፈልገህ ነው?"

"ጌታዬ፣ ድርድሩ ላይ ዘጠኝ ጉድጓድ ይጨመርልን።"

"ለማን?"

"ለአስካለ። ከከረጢት ሰፊዎቹ አንዷ ነበረች። ባለፈው ተሻገረች።"

"ለአንዲት ሴት ዘጠኝ ጉድጓድ! ለእናቴ እንኳ አንድ ነው የተቆፈረላት።"

ሁሉንም አስረዳሁት። ሚሊዮንን፣ ጓደኛሞቹን፣ ዘጠኙን መስመር። ጌሾውን መገረዝ አቁሞ ሰማኝ። ነገሩ ገብቶታል፤ ይህን ልመስክርለት።

"ልክ ሳይሆን አይቀርም" አለ። "ግን እስቲ ንገረኝ፤ የአንድ ሺህ ዘጠኝ ቤት የሚባል አለ?"

"የለም፣ ጌታዬ።"

"በሌለ ቤት ማን ይገባል? በሩ በየት በኩል ይሁን? መቃብሩስ? በበዓል ቀን ከማን ቀጥሎ ይቀመጣል? እነዚህ ቀላል ጥያቄዎች አይደሉም፣ ይርዳው።" ጌሾውን አየ። "ዘጠኝ ነው ያልከው?"

"ዘጠኝ።"

"ከዘጠኝ አታስበልጥም?"

"አላስበልጥም።"

"እንግዲያው ለጉባኤው አቀርበዋለሁ" አለና ይርዳው ብሎ ስሜን በጌሾ ቅጠል ጀርባ ላይ ጻፈ።

ጉባኤው የመቶ ስልሳ ስምንት ቤቶች አለቆች ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሁለት ቤት ሰው ለሌለ ቤት ማመልከት ይችላል ወይ አይችልም ብለው ተከራከሩ። በሁለተኛው ዓመት ይችላል አሉ። ሦስተኛውና አራተኛው ዓመት በበዓል መቀመጫ ላይ አለቀ፤ የዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ቤት አለቃ፣ ለዘመናት የመጨረሻው መቀመጫ የእኔ ነው፣ ለማንም አልለቅም አለ። በአምስተኛው ዓመት ለአዲሱ ቤት በር ጠባቂ ተሾመ፤ በሩ ገና ስላልተሠራ ሜዳ ላይ ጦር ይዞ ይቆም ነበር። በስድስተኛው ዓመት ጌሾው ለመድረስ ተቃርቧልና እስኪቆረጥ ይጠበቅ ተባለ።

እኔ እደረድር ነበር። እናቴ በሦስተኛው ዓመት ሞተች። እማማ ደብሪቱም በአምስተኛው፤ ሽምብራ እየለቀመች ወደ ጎን ዘንበል አለች። በየሰኞው ወንዝ ዳር እወርድ ነበር። ከማዶ ጭስ ይታያል። አንዳንዴ ልብስ ሲሰጣ ይታያል፤ ማን እንዳሰጣው ከዚያ ርቀት አይለይም፤ እኔ ግን ሁሉንም የእሷ አደርገው ነበር። ቀዛፊው አንድ ሰኞ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ግባ ወይ አትምጣ፤ እኔም ልቤ እየተንጠለጠለ ተቸገርኩ" አለኝ። እጄ ወደ አንገቴ ሄዶ ያውቃል። ማሰሪያውን ፈትቼ ግን አላውቅም። ልክ ነበርኩ። ልክ የሆነ ሰው በታንኳ ሾልኮ አይሄድም፤ ደጅ አስከፍቶ ያስመልሳል እል ነበር። ሽባባው አግብቶ ሦስተኛ ልጁን ሲያስቆጥር፣ "አንተና ዘጠኝ ጉድጓድህ አብራችሁ ታረጃላችሁ" ይለኝ ነበር። እስቅለት ነበር።

በሰባተኛው ዓመት የጌሾው አፈር ተጠርጎ ከሥሩ ያለው ዓለት ተፈለፈለ። ዘጠኝ ጉድጓድ በስምንቱም መስመር ላይ ተጨመረ። ከሚሊዮን ወዲህ ያልተከፈሉ ተብለው የተሻገሩት ሁሉ በአንድ ሺህ ዘጠኝ እንደገና ተሞከሩ። አራት ወር ፈጀ። ከሁሉም ሁለት ሰዎች ብቻ ያለቀሪ ተከፈሉ። አንዷ አስካለ ናት። ሌላው ደምሌ የሚባል ሸማኔ ነው፤ ከእሷ ስድስት ዓመት ቀድሞ የተሻገረ። የእሱ ቁጥር አንድ ሚሊዮን አሥራ ስምንት ሺህ ሰማንያ አንድ ነበር፤ አንድ ሺህ ዘጠኝ መስመር፣ በየመስመሩ አንድ ሺህ ዘጠኝ። ከእሱም በላይ ስህተት የተፈጸመበት ሰው የለም፤ ስለ እሱ ግን ማንም አላመለከተም ነበር።

ሊቀ አካፋይ ዋሲሁን በአደባባይ አነበበው። "የአንድ ሺህ ዘጠኝ ቤት ተመሥርቷል። አባላቱ ደምሌና አስካለ ናቸው። አንድ ቤት ስለሆኑ ይጋቡ ቢሉ ሕግ አይከለክላቸውም።" ሕዝቡ እልል አለ። ሽባባው እጄን ሊይዘኝ ፈለገና ተወው።

እልልታው ሲበርድ ቀርቤ ጠየቅኩት።

"ጌታዬ፣ እኔስ?"

"አንተ ምን?"

"እሷና እኔ እንድንጋባ።"

"ሁለታችሁን የሚከፍል ቁጥር አለ?"

"አንድ ሺህ አሥራ ሦስት። ያኔ ነግሬዎታለሁ።"

"ድርድሩ አሁን ስንት ነው?"

"አንድ ሺህ ዘጠኝ።"

"እጅ ያልነካው ቁጥር አይታመንም፣ ይርዳው። ጠይቄሃለሁ፤ አላስበልጥም አልከኝ። የጠየቅከው ዘጠኝ ነው፣ ዘጠኝ ሰጠንህ።" ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ያዘነልኝ ይመስለኛል። "ለአራቱ ማመልከት ትችላለህ።"

አዋጁን ወደ ማዶ የሚያደርስ ሰው ተፈለገ። እኔ ልሂድ አልኩ። መልእክተኛ ታንኳ ላይ ሆኖ ቃሉን ያደርሳል፤ የማዶን መሬት አይረግጥም። ከረገጠ አይመለስም።

ታንኳው ዳር ሲደርስ አስካለ ከዕቃ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተነስታ መጣች። አንድ ሕፃን አዝላለች፤ አንዱ ቀሚሷን ይዟል። ወፍራለች። በእጇ መርፌ ነበረ፤ አሁንም የምትሰፋው አላት።

"አንተ ነህ?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"ደህና ነህ? እናትህስ?"

"ሞተች።"

"ነፍሷን ይማር።"

ሁለቱን ቆዳዎች ከከረጢቴ አወጣሁ። አዋጁን በቃሌ ተናገርኩ፤ ቤቱን፣ በሩን፣ መቃብሩን፣ በበዓል ከማን ቀጥሎ እንደሚቀመጡ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ስህተቱን አገኘኸው ማለት ነው" አለች።

"አገኘሁት። ዘጠኝ ጉድጓድ ነበር የጎደለው።"

"ዘጠኝ ብቻ?"

"ዘጠኝ ብቻ። እኔና አንቺንም የሚከፍል ቁጥር አለ። አንድ ሺህ አሥራ ሦስት። በመካከላችን የተወለዱት ልጆች ቁጥር ነው። በእጄ ደርድሬዋለሁ፤ ምንም አልቀረም።"

ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። ቀሚሷን የያዘውን ልጅ ራሱን ዳሰሰች።

"መቼ ነው የደረደርከው?"

"በተሻገርሽ በአራተኛው ወር።"

"በአራተኛው ወር!" አለች። "እኔ ሁለት ዓመት ከዚህ ድንጋይ ላይ ሆኜ ያችን ታንኳ አያት ነበር፣ ይርዳው። በየሰኞው። እዚህ ማንም ቁጥር አይጠይቅም። ስምህን ነው የሚጠይቁህ፤ እሱንም ለመጥራት ያህል።"

"ልክ መሆናችንን ላስመሰክር ነበር።"

"አስመሰከርክ።"

ደምሌ ከሸማ ጉድጓዱ ወጥቶ መጣ። ጎበጥ ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ማን እንደሆንኩ ነገረችው። እጁን ወደ ታንኳው ዘረጋና ጨበጠኝ። የአንድ ሺህ ዘጠኝ ቤት አለቃ መሆኑን ሲሰማ ሳቀ።

"ስንት ነን?" አለኝ።

"ሁለት።"

"እኔ አለቃ ከሆንኩ እሷ ምን ልትሆን ነው? ቤት ውስጥ ጦርነት ታስነሳብናለህ እኮ።" ከዚያ ቆዳውን አገላብጦ አየው። "ጥሩ ቆዳ ነው። ለመወርወሪያዬ ማሰሪያ ይሆናል።"

"ትመለሳላችሁ?" አልኩ። ቃሉን ይዤ መሄድ ነበረብኝ።

አስካለ ደምሌን አየችው፤ ደምሌ እሷን። መልሱን እሷ ሰጠችኝ።

"ልጆቹ ቁጥር የላቸውም" አለች። "ወዲያ ብንሄድ ምን ሊያደርጓቸው ነው?"

ይህን በአዋጁ ላይ አልጻፉትም ነበር። እኔም አላሰብኩትም። ቀዛፊው መቅዘፊያውን አነሳ።

"ውረድ እንጂ" አለች አስካለ ቀስ ብላ። "ውኃ ጠጥተህ ሂድ።"

"መልእክተኛ አይወርድም።"

ራሷን ነቀነቀች። ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና ታንኳውን በእጇ ገፋችው፤ ወንዙ ወሰደን።

የአንድ ሺህ ዘጠኝ ቤት በሩ ተሠርቶለታል። በር ጠባቂው አርጅቶ ልጁ ተተክቷል። ለአራቱ ጉድጓድ አላመለከትኩም። ሽባባው ሞተ፤ ዋሲሁንም ሞተ። ማዶ አስካለና ደምሌ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ቀሩ። ወዲህ እኔ ቀረሁ።